ከሕፃን ልጅ ጋር ወደ ሞምባሳ፦ ወጪ ቆጥቦ ባሕል የማየት መመሪያ

ብዙ ወላጆች የውጭ አገር ጉዞን "ልጁ ትንሽ ከፍ ሲል" እያሉ ለሌላ ጊዜ ያቆዩታል። የሚፈሩት ሁለት ነገር ነው፤ ወጪውንና ድካሙን። ፍርሃታቸው እውነት የሚሆነው ግን ጉዞው ለአዋቂ ታስቦ ሲታቀድ ነው። በአንድ ሳምንት ሦስት ከተማ ለማዳረስ የተነሣ ሰው ገንዘቡም ያልቅበታል፣ ልጁም ያለቅስበታል። አንድ ከተማ መርጦ በቀን አንድ ነገር ብቻ ለማየት የወሰነ ቤተሰብ ግን የትራንስፖርቱም፣ የመግቢያውም፣ የምግቡም ወጪ ይቀልለታል። ደግሞም ድክ ድክ የሚል ልጅ የሚደሰትበት የባሕል ክፍል፣ ማለትም ገበያው፣ ምግቡ፣ ባሕሩና የሰፈሩ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ነጻ ወይም ርካሽ ነው።

ይህ መመሪያ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ለሆነው ልጃቸው ሲሉ ጉዞ ላቆሙ ወላጆች የተጻፈ ነው። ምሳሌው የኬንያዋ የባሕር ዳርቻ ከተማ ሞምባሳ ናት፤ አካሄዱ ግን ለሌላ ከተማም ይሠራል።

1. ለልጅዎ የሚቀርብ ቦታ ይምረጡ

ከሕፃን ጋር ሲጓዙ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ምን የሚታይ አለ?" ሳይሆን "ልጁ ሳይጎሳቆል ይደርሳል ወይ?" የሚለው ነው። ሞምባሳ በዚህ በኩል ትመቻለች። ወደ ሞምባሳ መሻገሪያ የምትሆነው ናይሮቢ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ያህል ናት። የኬንያና የኢትዮጵያ ሰዓት አንድ ስለሆነ የልጁ እንቅልፍ አይዛባም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለጉብኝት ቪዛ አያስፈልገውም።

የሚታየውም ነገር ብዙ ነው። ሞምባሳ አፍሪካውያን፣ ዐረቦች፣ ፋርሶችና ሕንዶች ለብዙ መቶ ዓመታት የተገበያዩባት የስዋሂሊ ከተማ ናት። ታዋቂው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ1331 እ.ኤ.አ. ጎብኝቷታል። ቫስኮ ዳ ጋማም በ1498 እ.ኤ.አ. ወደ ሕንድ ሲያልፍ ደርሶባታል። በ1541 እ.ኤ.አ. 400 ያህል ጠመንጃ ያዥ ፖርቱጋሎችን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ የዘመተው ክሪስቶቮ ዳ ጋማ የእርሱ ልጅ ነው። ስለዚህ የሞምባሳ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

2. ወቅቱን በዝናቡና በዋጋው ይወስኑ

በኬንያ ጠረፍ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ይጥላል፤ በጥቅምትና በኅዳርም አጭር ዝናብ አለ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሙቀቱ ለሕፃን ይበዛል። እኛ ክረምት በምንልበት ጊዜ ግን ጠረፉ ነፋሻማና ለዘብ ያለ ነው።

ዋጋን የሚያስወድደው የኬንያውያን የእረፍት ጊዜ ነው። በነሐሴ፣ በገናና በፋሲካ ሰሞን የናይሮቢ ቤተሰቦች ወደ ባሕሩ ስለሚወርዱ ማረፊያም ባቡርም ይጣበባል። ስለዚህ ከኢትዮጵያ ለሚነሣ ቤተሰብ የሚመረጠው ሐምሌ ወይም ከእንቁጣጣሽ በኋላ ያለው መስከረም ነው። የረመዳንን ወርም ያስቡበት፤ ሙስሊሞች በሚበዙበት በሞምባሳ አሮጌው ከተማ ቀን ላይ የሚዘጉ ምግብ ቤቶች ስለሚኖሩ የልጁን ምሳ አስቀድሞ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

3. ሰነዶቹን ከሁለት ወር በፊት ይጀምሩ

ሕፃንም ቢሆን የራሱ ፓስፖርት ያስፈልገዋል። ለዚያ ደግሞ የልደት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል፤ ስለዚህ ከወሳኝ ኩነት ምዝገባው ይጀምሩ። ከወላጆች አንዱ ብቻ ከልጁ ጋር የሚጓዝ ከሆነ የሌላው ወላጅ ፈቃድ በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ መሆን አለበት። የልደት ምስክር ወረቀቱንና ፈቃዱን በእጅ ሻንጣ ይያዙ እንጂ ወደ አውሮፕላኑ ጭነት አያስገቡ።

የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት ይዘው ዘመድ ጥየቃ አዲስ አበባ መጥተው ወደ ሞምባሳ ለመሻገር ያሰቡ ቤተሰቦች ደግሞ ኢቲኤ የተባለውን የኬንያ የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ከመነሣታቸው በፊት በኢንተርኔት ማውጣት አለባቸው። የልጁን ጉዳይም ለብቻው ያጣሩ። ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ ሁለተኛ መግቢያ የሚፈቅድ ቪዛ እንዳላቸውም ያረጋግጡ።

4. የሐኪም ቀጠሮ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይያዙ

በዚህ ጉዞ ላይ ከምንም ነገር በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ነው። ኬንያ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነና ቢጫ ወባ ካለበት አገር ከሚመጣ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት ትጠይቃለች፤ ኢትዮጵያም ከእነዚያ አገሮች አንዷ ናት። ክትባቱ ከ9 ወር ጀምሮ ለሆነ ልጅ ይሰጣል። ምስክር ወረቀቱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ሳምንት አይጠብቁ። አንድ ጊዜ የተወሰደ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ሁለተኛው የወባ በሽታ ነው። አዲስ አበባ በከፍታዋ ምክንያት ወባ ስለሌለባት እዚያ ያደገ ልጅ በሽታውን የሚቋቋምበት አቅም የለውም። የሞምባሳ ጠረፍ ግን ዓመቱን ሙሉ ወባ አለበት። ለልጁ ኪሎ የሚስማማውን የመከላከያ መድኃኒት የሚያዝዘው ሐኪም ነው። ለአዋቂ የታዘዘውን ከፍለው ለልጁ አይስጡት። መድኃኒቱ ከጉዞው በፊት ተጀምሮ ከተመለሱም በኋላ ስለሚቀጥል የመጨረሻው ቀን መቼ እንደሆነ ጽፈው ይያዙ። ከዚህ ጋር ከመሸ በኋላ እጅጌ ረጅም ልብስ፣ ለሕፃን የተፈቀደ የትንኝ መከላከያ ቅባትና አጎበር የግድ ናቸው።

ልጁ በጉዞው ላይ ወይም ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራት ትኩሳት ከያዘው በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይውሰዱት፤ ከወባማ ጠረፍ መምጣቱንም ይናገሩና የደም ምርመራ ይጠይቁ። "ጥርስ እያወጣ ነው" ብሎ ማሳደር በሕፃን ላይ አደጋ ያመጣል።

5. በጀቱን በአምስት ይክፈሉት

በአንድ ወረቀት ላይ አምስት መደብ ያስምሩ፦ ጉዞ፣ ማረፊያ፣ ምግብ፣ የከተማ ትራንስፖርትና መግቢያ፣ መጠባበቂያ። ከጠቅላላው ገንዘብ ቢያንስ አንድ አሥረኛው መጠባበቂያ ይሁን። እርሱ ለክሊኒክና ድንገት ለሚቀየር ቲኬት ነው እንጂ ለገበያ አይነካም።

በአውሮፕላን ብዙ አየር መንገዶች ከሁለት ዓመት በታች ላለና በወላጅ ጭን ለሚቀመጥ ሕፃን ከአዋቂው ዋጋ 10 በመቶ ያህል ያስከፍላሉ። ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ግን የራሱን መቀመጫ ይይዛል፤ ዋጋውም ወደ አዋቂው ይጠጋል። ስለዚህ ልጅዎ በቅርቡ ሁለት ዓመት የሚሞላው ከሆነ የመመለሻው በረራ ጭምር ከልደቱ በፊት እንዲውል ያድርጉ። ከጉዞው ወጪ ሁሉ ትልቁ ቁጠባ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው።

ኬንያ ውስጥ ከመንደር ሱቅ እስከ ባጃጅ ድረስ ክፍያው በኤምፔሳ ነው። እንደደረሱ በፓስፖርትዎ የሳፋሪኮም ሲም ካርድ አውጥተው ኤምፔሳ ያስመዝግቡ። የውጭ ምንዛሪውን ከአገር ከመውጣትዎ በፊት በባንክ በኩል ይጨርሱ፤ የባንኩንም ማስረጃ ይያዙ።

6. የመድረሻውን መንገድ ያወዳድሩ

ከአዲስ አበባ ወደ ሞምባሳ ሙሉውን መንገድ በአውሮፕላን መሄድ ይቻላል። ብዙ ጊዜ የሚረክሰው ግን እስከ ናይሮቢ በረራ፣ ከዚያ ማዳራካ ኤክስፕረስ የተባለው ባቡር ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር እንደየዓይነቱ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል። ከ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የኢኮኖሚው ክፍል ዋጋ 1,500፣ የአንደኛ ማዕረጉ 4,500 የኬንያ ሺሊንግ ሆኗል። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይከፍልም፤ ከ3 እስከ 11 ዓመት ያለው ግማሽ ይከፍላል።

ሲያወዳድሩ ታዲያ የናይሮቢን የአንድ ሌሊት ማረፊያ በባቡሩ ሂሳብ ላይ ይደምሩ። የባቡር ጣቢያው ያለው ስዮኪማው በተባለው ሰፈር ሲሆን ከአየር ማረፊያው ብዙ አይርቅም። ስለዚህ መሐል ከተማ ሳይገቡ በዚያው አካባቢ ይደሩ።

ለልጅ የሚሻለው የጠዋቱ ባቡር ነው። በየጣቢያው ስለሚቆም ዘገም ይላል፤ ነገር ግን የጻቮን ፓርክ በቀን ብርሃን ያቋርጣል። ዕድለኛ ከሆናችሁ ዝሆን በመስኮት ይታያል። ፍተሻው ረጅም ስለሆነ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ይድረሱ። የስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ ሾፌሩ "ሁለት ሰዓት" ካለዎት የኛው ሁለት ሰዓት ነው። ቲኬቱ ላይ የሚጻፈው ግን በዓለም አቀፉ አቆጣጠር 08:00 ተብሎ ነው። ቀጠሮ ሲይዙ በየትኛው እንደሆነ ያረጋግጡ።

7. ወጥ ቤት ያለው አንድ ማረፊያ ይያዙ

ለሁሉም ቀናት አንድ ቦታ ይደሩ። ማረፊያ መቀየር ገንዘብ ይበላል፤ ሕፃኑም በየቀኑ አዲስ አልጋ መልመድ ይቸግረዋል። የከተማው መሐል ካለበት ደሴት በስተሰሜን ያሉት ኒያሊና ባምቡሪ ለባሕሩም ለሚጎበኙት ቦታዎችም ቅርብ ናቸው፤ በቀን ወይም በሳምንት የሚከራዩ አፓርታማዎችም አሉ።

ከመክፈልዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ፦

- አጎበር አለ? ቀዳዳስ የለውም?
- ወጥ ቤቱ ምድጃና ፍሪጅ አለው?
- በረንዳውና ደረጃው ልጅ የማያሾልክ መከለያ አለው?
- የመዋኛ ገንዳው አጥር አለው?
- ውሃና መብራት ሲጠፋ ምን ይደረጋል?

በባሕሩ ዳር ላይ ያለው ክፍል ውድ ነው። ከባሕሩ በእግር አሥር ደቂቃ ራቅ ያለው ይረክሳል፤ ለልጅም የበለጠ ጸጥታ አለው።

8. ሻንጣውን ያቅልሉ፤ ፌስታል አይያዙ

ኬንያ ከነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፕላስቲክ መያዣ ከረጢት ከልክላለች። የልጁን ልብስና ዳይፐር በፌስታል መጠቅለል የለመደ ወላጅ ይህን ቀድሞ ማወቅ አለበት። በምትኩ የጨርቅ ከረጢትና ለቆሸሸ ልብስ ውሃ የማያሳልፍ የሚታጠብ ቦርሳ ይያዙ።

የሕፃን ጋሪውን ቤት ይተዉት። የአሮጌው ከተማ መንገድ ጠባብ ነው፤ ባጃጅና ሞተር ብስክሌትም ያልፍበታል። አንቀልባ ወይም ማዘያ እዚያ ከማንኛውም ጋሪ ይበልጣል። የሞምባሳ እናቶችም ልጃቸውን በካንጋ ጨርቅ ያዝላሉ፤ ካንጋውን ቢያሻራ በተባለው የጨርቅ ገበያ መንገድ መግዛት ይችላሉ።

ከዚህ ሌላ የሚያስፈልጉት ኦ.አር.ኤስ.፣ በሐኪም መጠኑ የተነገረ ፓራሲታሞል፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ለባሕር የሚሆን የጎማ ጫማና ባለ ሦስት እግር የእንግሊዝ ሶኬት መቀየሪያ ናቸው። የምጥን ዱቄት ወይም በሶ ጥቂት ይያዙ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አዲሱን ምግብ ለሚገፋ ልጅ መዳኛ ነው። ዳይፐር ግን ለሁለት ቀን የሚበቃ ብቻ ይያዙና ሌላውን እዚያው ከሱፐርማርኬት ይግዙ።

9. በቀን አንድ ነገር፣ እርሱም በጠዋት

የልጁን የእንቅልፍ ሰዓት የቀኑ ምሰሶ ያድርጉት። ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ተኩል ጉብኝት፣ ከዚያ ምሳና እንቅልፍ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ባሕር ወይም መናፈሻ። ቀትሩ በጣም ስለሚሞቅ ይህ ለአዋቂውም ይበጃል። ልጁ የተኛበት ሁለት ሰዓት የወላጆቹ የማንበቢያና የማረፊያ ጊዜ ነው።

የሚከተለውን ቅደም ተከተል እንደ መነሻ ይውሰዱት፦

የመጀመሪያው ቀን፦ ምንም አይጎብኙ። ሱፐርማርኬት ይሂዱ፣ ሲም ካርድ ያውጡ፣ ባሕሩን ለልጁ ያሳዩ። ከባሕሩ ጠረፍ ወዲያ ያለው የኮራል ድንጋይ ማዕበሉን ስለሚሰብረው ውሃው ሲሸሽ ጥልቀት የሌላቸው ኩሬዎች ይፈጠራሉ። ሆኖም እሾሃም የባሕር እንስሳት ስላሉ ጫማ ያድርጉ፤ ልጁም ከክንድዎ ርቀት አይውጣ።

ሁለተኛው ቀን፦ ፎርት ጂሰስና አሮጌው ከተማ። ምሽጉን ፖርቱጋሎች ከ1593 እስከ 1596 እ.ኤ.አ. ሠሩት። የኦማን ዐረቦች ሦስት ዓመት ለመሙላት ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከበውት በ1698 እ.ኤ.አ. ያዙት። በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ገና እንደተከፈተ ይግቡ። ልጁ በሰፊው ግቢ ይሩጥ፣ መድፎቹን ይንካ። ግንቡ ላይ ሲወጡ ግን እጁን አይልቀቁ። ከወላጆቹ አንዱ በ1697 እ.ኤ.አ. እዚያው ወደብ ላይ ከሰመጠችው የፖርቱጋል መርከብ የወጡትን ዕቃዎች ሙዚየሙ ውስጥ ሲያይ ሌላው ከልጁ ጋር ይቆይ፤ ከዚያ ይቀያየሩ። የመግቢያ ዋጋው እንደ ዜግነትና መኖሪያ ስለሚለያይ ፓስፖርት ይዘው ለእርስዎ የሚሆነውን ዋጋ ይጠይቁ። አስጎብኚ ከፈለጉ ሂሳቡን አስቀድመው ይስማሙ። ከምሽጉ ወጥተው በእግር እየሄዱ የአሮጌውን ከተማ የተቀረጹ የእንጨት በሮች ይመልከቱ። ሰፈሩ ሙስሊሞች የሚበዙበት ስለሆነ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ።

ሦስተኛው ቀን፦ ባሕር ብቻ። ይህን ቀን አይዝለሉት። ሕፃን ያየውን የሚያጣጥመው ሲያርፍ ነው።

አራተኛው ቀን፦ ሃለር ፓርክ። ለሲሚንቶ ሲባል ተቆፍሮ የተራቆተ መሬት ነበር። ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሬኔ ሃለር የተባሉት የግብርና ባለሙያ ከሸውሸዌ ዛፍ ጀምረው ደን አደረጉት። በታኅሣሥ 2004 እ.ኤ.አ. በሱናሚው ሰሞን ከመንጋው የተለየው ኦወን የተባለ የጉማሬ ግልገል እዚህ መጥቶ ምዜ ከተባለ ሽማግሌ ኤሊ ጋር የተወዳጀበት ቦታ ነው። ታሪኩን ከጉዞው በፊት ለልጅዎ ይንገሩት፤ እዚያ ደርሶ ግዙፎቹን ኤሊዎች ሲያይ የሚያውቃቸው ይመስለዋል። ቀጭኔ የሚመገብበት ሰዓት ስላለ ደውለው ይጠይቁ። በ1415 እ.ኤ.አ. በዚሁ ጠረፍ ካለችው ከማሊንዲ ለቻይና ንጉሠ ነገሥት የተላከችው ስጦታ ቀጭኔ ነበረችና ይህ ለወላጆቹም የታሪክ ትምህርት ነው።

አምስተኛው ቀን፦ ጁምባ ላ ምትዋና። ከከተማው በስተሰሜን ምትዋፓ አጠገብ ያለ የ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የስዋሂሊ መንደር ፍርስራሽ ነው። ቤቶቹና መስጊዶቹ በባኦባብ ዛፎች መካከል እስከ ባሕሩ ዳር ይዘልቃሉ። ጥላ አለው፣ ሰው አይበዛበትም፣ ልጅ እንደልቡ ይሄድበታል።

ስድስተኛው ቀን፦ ጠዋት ዕቃ መሸከፍ፣ ማታ ማማ ንጊና የተባለው የባሕር ዳር መናፈሻ። መግቢያ አይከፈልም። የከተማው ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው የተጠበሰ ካሳቫ እየበሉ፣ የኮኮናት ውሃ እየጠጡ የሚቀመጡበት ነው። የሞምባሳን ሰው አብረው ተቀምጠው የሚያዩት እዚህ ነው።

ተጨማሪ ቀን ካለዎት በማሊንዲ መንገድ ላይ ያለውን ገዲን ይጨምሩ። በደን የተዋጠው ይህ የስዋሂሊ ከተማ በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ከሞምባሳ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ልጁ መኪና ውስጥ እንዲተኛ ሰዓቱን ያስሉ። በፍርስራሹ መካከል ያሉትን ጦጣዎች አይመግቡ፤ የልጁንም ብስኩት ከቦርሳ አያውጡ።

10. ምግቡን ከልጁ ጋር ይብሉ

የስዋሂሊ ምግብ ቅመም ቢኖረውም ብዙው ለልጅ አፍ ይስማማል። በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ሩዝ፣ በኮኮናት የተሠራ ቦሎቄ፣ ቻፓቲ፣ ኡጂ የተባለው ቀጭን ገንፎና ማንጎ ይጀምሩለት። በርበሬ እንዳይገባ "ቢላ ፒሊፒሊ" ይበሉ። ውሃ ለመጠየቅ "ማጂ"፣ ወተት "ማዚዋ" ነው። ዓሣ ከሆነ እሾሁን በጣትዎ እየፈለጉ ያጉርሱት።

በፍልሰታ ወይም በሌላ ጾም የሚሄድ ቤተሰብም አይቸገርም። በኮኮናት የሚሠራው ሩዝና ቦሎቄ ሲያዝዙ ቅቤና ሥጋ እንዳልገባበት ከጠየቁ ጥሩ የጾም ምግብ ነው። ቁርስና እራት ቤት ሠርቶ ምሳን ውጭ መብላት በጀቱን ይጠብቃል። ለመጠጥና ለጡጦ የታሸገ ወይም የፈላ ውሃ ብቻ ይጠቀሙ።

11. በዚህ ሳምንት የሚጀመረው

ዕቅድ ወረቀት ላይ ካልወረደ ምኞት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር ያድርጉ፦ የልጁን ልደት ቀን ከጉዞው ቀን ጋር ያስተያዩ፣ የፓስፖርቱን ጉዳይ ይጀምሩ፣ የሐኪም ቀጠሮ ይያዙ። በሚቀጥለው ወር ቲኬትና ማረፊያ፤ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ባቡሩና ምንዛሪው። ከመነሣትዎ በፊት ደግሞ የኬንያን ዜና ያዳምጡ፤ የተቃውሞ ሰልፍ በተጠራበት ቀን ናይሮቢን አያቋርጡ።

ልጅዎ ፎርት ጂሰስን በስም ላያስታውስ ይችላል። ነገር ግን ሌላ ቋንቋ የሚናገር ሰው ፈገግ ብሎ ሲያቅፈው፣ የማያውቀውን ምግብ ሲቀምስ፣ ከእናትና ከአባቱ ጋር ሙሉ ቀን ሲውል ይማራል። ወላጆቹም በዝግታ ሲሄዱ በጥድፊያ የሚያልፉትን ነገር ያያሉ። ይህን ለማግኘት ልጁ እስኪያድግ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ዕቅዱን በልጁ እርምጃ ልክ መሥራት ነው።